ለረዳቱ ያልነገርኩት

ጋሼ ሊጠሩኝ የመጡት ዓርብ ዕለት፣ ከጁምዓ ተመልሰው ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ነው። ኮሌጁ ከተዘጋ አራተኛ ቀኑ ነበር። "ለጊዜው" ተብሎ ነው የተዘጋው፤ ምክንያቱን የነገረን የለም፣ እኛም አልጠየቅንም። በዚያ ሰሞን አሶሳ ውስጥ ሰው መጠየቅ ትቶ ነበር። ባጃጆቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገባሉ። ገበያው ላይ የተቆለለው ማንጎ ገዢ አጥቶ መሽተት ጀምሯል። ከባምባሲ የሚመጣው ሚኒባስ አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን ይቀራል። ሰው ከሰው ሲገናኝ "ደህና ነው?" ይባባላል፤ ምኑ ደህና እንደሆነ ግን አይባልም።

እኔ አውቶ ሜካኒክ አስተምራለሁ። ከደሴ ተመድቤ ከመጣሁ ስድስት ዓመት አልፎኝ ነበር፤ የምኖረውም ጋሼ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ጋሼ ራሳቸው የወሎ ሰው ናቸው። በደርግ ጊዜ ከወላጆቻቸው ጋር ለሰፈራ ሲመጡ ጢም ያላበቀሉ ልጅ ነበሩ። ካደጉ በኋላ መሬቱን ለወንድሞቻቸው ትተው ሹፍርና ገቡ፤ ከብዙ ዓመት በኋላም የሚነዱትን መኪና የራሳቸው አደረጉት። ኤንትሬ ናት፤ ያች አፍንጫ የሌላት፣ ሞተሯ ጋቢናው ውስጥ በሹፌሩና በተሳፋሪው መሀል የተቀመጠ፣ የጥንት የጣሊያን የጭነት መኪና። ከእኔ ዕድሜ ትበልጣለች። ቀርከሃም፣ በቆሎም፣ ሙሽራም፣ ሬሳም ጭናለች። ከተማው ውስጥ ድምጿን የማያውቅ የለም።

"ልጄ፣ ያን መለኪያሽን ይዘሽ ወዲህ ነይ እስቲ" አሉኝ በሬ ላይ ቆመው።

"የቱን መለኪያ ጋሼ?"

"ያን የሞተር ጉልበት የሚያየውን።"

የኮምፕሬሽን ጌጅ ማለታቸው ነው። ተማሪዎቼን ሳስተምር ጎረቤት ሆነው አይተውታል። "ምን ሆነችብዎ?" አልኳቸው።

"ምንም አልሆነች። እሁድ መንገድ አለብኝ።"

በዚያ ሳምንት "መንገድ አለብኝ" ያለ ሰው አልሰማሁም ነበር። ወዴት እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ገባኝ። እዚህ የሰፈራ መንደሮቹ አምባ ይባላሉ፤ መለያቸውም ቁጥር ነው። ጋሼ ግን አንዲት ልጃቸው ያገባችበትን መንደር ያለ ቁጥር ዝም ብለው "አምባ" ነው የሚሉት። ከባምባሲ አልፎ፣ ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ዳቡስ ወንዝ በሚወርደው ጥርጊያ መንገድ ላይ ነው። ልጃቸው ረቡዕ ደውላላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም።

"ምን አለችዎ?"

"ጎረቤቶቿ ጫማቸውን እንዳደረጉ ነው የሚተኙት አለችኝ።" ወደ ገዛ ጫማቸው አዩ። "ልጠይቃት ስል ተቋረጠ።"

መኪናዋ የቆመችው ከግቢው በስተጀርባ ማንጎው ሥር ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ አሠራናትና አጠፋናት። የናፍጣውን መስመር ዘጋሁ፤ ናፍጣ የሚረጩትን ስድስቱንም ኢንጀክተሮች ፈትቼ በተራ ጨርቅ ላይ ደረደርኳቸው። ጌጁን ከሞተሩ ጋር የሚያገጣጥመውን ብረት እኔው ራሴ ወርክሾፕ ውስጥ በብረት መቅረጫው ቶርኖ አውጥቼዋለሁ፤ የዚህች መኪና ቀዳዳ ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም ነበርና። ጋሼ መሪው ጋ ተቀመጡ፤ እኔ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብዬ "ይምቱ!" ስላቸው ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ ይመታሉ፣ እኔ የጌጁን ቀስት አያለሁ።

ነገሩ ውስብስብ አይደለም። የናፍጣ ሞተር ሻማ የለውም። ፒስቶኑ አየሩን ጨምቆ ጨምቆ እንደ ፍም ያግለዋል፤ ናፍጣው እዚያ ላይ ሲረጭ ይቀጣጠላል። ጭመቃው ከላላ አየሩ በሆነ በኩል ያመልጣል ማለት ነው። ጌጁ የሚነግርህ ይህንን ብቻ ነው።

አንደኛው ሲሊንደር ሃያ አምስት አለ። ሁለተኛው ሃያ አራት። ሦስተኛው ሃያ አምስት። ጋሼ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ፊቴን ያያሉ። ለዕድሜዋ እጅግ ጥሩ ነበር፤ ፈገግ ሳልልላቸው አልቀረሁም። አራተኛው ላይ ቀስቱ አሥራ ስድስት ደርሶ ቆመ። ጌጁ በደንብ ያልጠበቀ መስሎኝ አጠበቅኩት። "እንደገና ይምቱ!" አሥራ ስድስት። አምስተኛው አሥራ አራት። ስድስተኛው ሃያ ሦስት።

"ምን አለ?" አሉኝ ጋሼ።

"ቆይ ጋሼ፣ ቆይ።"

በሁለቱ ደካማ ሲሊንደሮች ውስጥ በሻይ ማንኪያ ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምሬ እንደገና ለካሁ። ሁለቱም ከሃያ አለፉ። ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ደፍኖት ነው። ችግሩ ከቫልቭ ቢሆን ኖሮ ዘይት ምንም አይለውጥም ነበር። የፒስቶኖቹ ፋሻ፣ ዙሪያቸውን የሚደፍነው ቀለበት፣ አልቋል። ኢንጀክተሮቹን መልሼ አስርኩ፤ ያስነሱልኝ አልኳቸውና የሞተሩን ዘይት መጨመሪያ ክዳን ከፈትኩት። ከውስጥ ሰማያዊ ጭስ እየገፋ ወጣ። እጄን ስዘረጋበት መዳፌ ወዲያው በዘይት ወዛ።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ጋራዥ ውስጥ ያየሁትን አስታወስኩ። ፋሻው ያለቀ ሞተር ጭሱን ወደ ታች ወደ ዘይቱ ይገፋዋል። ጭሱ ዘይቱን እንደ ጉም አድርጎ ይዞት በመተንፈሻው ቱቦ ይወጣል። ቱቦው ደግሞ ተመልሶ የሚገባው ሞተሩ አየር ወደሚስብበት አፍ ነው። ሞተር ናፍጣ ይሁን የራሱ ዘይት አይመርጥም፤ ያገኘውን ያቃጥላል። ዘይቱ ከበዛለት ያለማንም ትዕዛዝ ይሮጣል። ነዳጅ ብትዘጋበት አይቆምም፣ ቁልፍ ብትነቅል አይሰማም። እንዲያውም ይጨምራል። ያ ጋራዥ ውስጥ ያየሁት ሞተር የቆመው ተፈነካክቶ ብረቱ ጣሪያውን ከበሳው በኋላ ነው።

ይህንን ሁሉ ለጋሼ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

"አሁን ይሆናል ነው የምትይኝ?"

"ይሆናል አልልም። ሊሆን ይችላል ነው የምለው። ጭነት ይዛ ረጅም ዳገት ከወጣች፣ ሞተሩ በጣም ከጋለ፣ ያኔ።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል ፋሻ መለወጥ?"

"ፋሻው የት ይገኛል ጋሼ? ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ከተገኘ።"

ማንጎው ሥር ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሌላ መኪና እንዲከራዩ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ማን ነው ወደዚያ መኪናውን የሚልክ? እሳቸውም ሁለት ቀን ከእሷ የተሻለ መኪና ፍለጋ ሲዞሩ ነው የከረሙት።

"ለሱ አትንገሪው" አሉኝ በመጨረሻ።

እሱ ያሉት ረዳታቸውን ነው። የዚሁ አገር ሰው፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ከዚህች መኪና ጋር ኖሯል። ጎማ ይፈታል፣ ጭነት ያስራል፣ ዳገት ላይ መኪናዋ ስትቆም ከጎማዋ ሥር ታኮ ያደርጋል። እኔን ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ "መምህር አንተ" ነው የሚለኝ፤ አማርኛውን የተማረው ከመንገድ ነውና ሴትም ወንድም ለእሱ "አንተ" ነው። እኔም ወድጄው አላረምኩትም። በዚያ ዓርብ ከመስጊድ በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄዶ ስለነበር ስንለካ አልነበረም።

"ለምን አልነግረውም?"

"ከሰማ አይሄድም። እሱ ከሌለ ደግሞ እኔ ያን መንገድ አልሞክረውም። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ታውቂያለሽ።"

"ይኼ እኮ የእሱም ነፍስ ነው ጋሼ። ልጆች አሉት።"

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። "የእኔስ ልጅ? የልጅ ልጄስ?"

ዛሬ መልሱ ቀላል ይመስለኛል፤ ያኔ ግን አጣሁ። እሺም አላልኩ፣ እንቢም አላልኩ፤ ዝም አልኩ። እሳቸው ዝምታዬን እንደ ቃል ተቀበሉት።

ከዚያ የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ። የመተንፈሻውን ቱቦ ከአየር መሳቢያው ነቀልኩና ጫፉን ወደ ታች ለቅቄ ዘይቱ መንገድ ላይ እንዲንጠባጠብ አደረግሁ። መሳቢያው ላይ የቀረውን ቀዳዳ በጨርቅ ጠቅጥቄ በሽቦ አሰርኩት። እንዲህ ከሆነ ሞተሩ የራሱን ዘይት መልሶ አይስብም። የመሣሪያ ሳጥኔን የእንጨት ክዳንም ነቀልኩና ተሳፋሪው ወንበር ሥር አስቀመጥኩ። ከሁሉ ቢብስ የሞተሩን የአየር አፍ በእንዲህ ያለ ሰሌዳ መክደን ነው የሚያዋጣው፤ አየር ያጣ ሞተር ይሞታል። ይህን ማድረግ የምችለው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

"እኔም እመጣለሁ" አልኳቸው።

አልተቃወሙኝም።

እሁድ ማለዳ ወጣን። ረዳቱ ከኋላ ጭነቱ ቦታ ላይ ቆሞ፣ አናቱን በነጭ ሻሽ ጠቅልሎ፣ እየሳቀ ነበር። "መምህር! አንተ ዛሬ ሹፌር ሆኗል?" አለኝ። ሳቅኩለት። አብሬ መሄዴን እንደ ደስታ ቆጥሮት ነበር።

ባምባሲ ድረስ በመንገዱ ላይ ሁለት መኪና ብቻ አለፈን። ሁለቱም ወደ አሶሳ ነው የሚመጡት፤ ሁለቱም ላይ ፍራሽና ድስት ተጭኗል። የመንገዱ ዳር ቤቶች ዝግ ናቸው። አንድ ቦታ ላይ ከብቶች ያለ እረኛ አስፋልቱ ላይ ተኝተው ነበር፤ ጋሼ ጡሩንባ እየነፉ በመሀላቸው አለፉ። ባምባሲ መውጫ ላይ ያለው ኬላ ጋ አንድ ወታደር አስቆመን። ጋቢናውን አየ፣ ኋላውን አየ፣ ባዶ መሆኑን ሲያይ ገባው።

"ሰው ልታመጡ ነው?"

"ልጄን" አሉ ጋሼ።

ወታደሩ ወደ ሰማይ አየ። ከወደ ዳቡስ ደመና ቆሞ ነበር። "ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እዚህ ድረሱ" አለን፣ ሌላ አልጨመረም።

ጥርጊያው መንገድ ከገባን በኋላ ወሬ አላወራንም። እኔ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነው። በቁልቁለቱ በደንብ ወረደች። ጭሱም አልበዛም። ልቤ ትንሽ ረጋ።

አምባው ስንደርስ ልጃቸውን ፍለጋ መዞር አላስፈለገንም። ሰው የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ ዕቃውን ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። አንድ ቤተሰብ ብለን የሄድን ሰዎች አራት ቤተሰብ ነው የጠበቀን። ማንም እንምጣ ወይ ብሎ አልጠየቀም። የጋሼ ልጅ ጨቅላዋን አዝላ፣ ባሏ ጆንያ ተሸክሞ፣ ከፊት ነበሩ። ጋሼ ልጃቸውን ግንባሯን ስመው ወደ ሕዝቡ ዞሩና ቆጠሩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ሃያ ሦስት ሰው ከነጓዙ። ለዳገቱ ከባድ ጭነት ነው። ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን ከዚያ ሕዝብ መሀል "አንተ ቅር፣ አንቺ ተሳፈሪ" የሚል ማን ነው?

"ጫኑ" አሉ።

እኔ ከልጃቸው ጋር መኝታ እያሰርኩ ሳለሁ ረዳቱ እንደ ልማዱ ሞተሩን ሊያይ ጋቢና ገባ። ዘይት ለካ፣ ውሃ ጨመረ። ቱቦው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ዘይት ሲንጠባጠብ አየ። መንገዱ አናግቶ ያወለቀው መሰለው። ከመሳቢያው ላይ ጨርቁን አውጥቶ እጁን ጠረገበት፣ ቱቦውን ወደ ቦታው መለሰ፣ እንዳይወልቅም በሽቦ ጠምዝዞ አሰረው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገው። እኔ አላየሁትም። እሱም ይህን ያህል ትንሽ ነገር ለማንም መንገር አላስፈለገውም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ጋቢናው ውስጥ ጋሼ፣ እኔ፣ ልጃቸውና ጨቅላዋ ነበርን። የሞተሩ መክደኛ በመሀላችን ይግላል። ዳገቱን ስንጀምር ጋሼ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ። መኪናዋ አቃሰተች። ግማሽ ላይ ስንደርስ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ መንገዱ በሰማያዊ ጭስ ተሸፍኗል፤ ከኋላ ያሉት ሰዎች አፋቸውን በነጠላ ይዘዋል። ጭነቱ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቱቦው ተነቅሏል እያልኩ ነበር በልቤ። ቱቦው ተነቅሏል።

አናቱ ላይ ደረስን። መንገዱ ለጥቂት ሜትር ሜዳ ሆኖ ከዚያ ወደ አንዲት ጠባብ ድልድይ ቁልቁል ይወርዳል። ጋሼ ማርሽ ሊቀይሩ ሞተሩን ከጎማዎቹ የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ረገጡ። የነዳጁን ፔዳል ለቀዋል። ሞተሩ ግን ድምፁን ከመቀነስ ፈንታ ጨመረ።

"ምንድን ነው?" አሉ።

መልስ ሳልሰጣቸው እንደገና ጨመረ። ማጥፊያውን ሳቡ። ምንም። እንደገና ሳቡ። ሞተሩ ጮኸ፤ እንዲህ ያለ ጩኸት ከመኪና ሰምቼ አላውቅም። መክደኛው ከሥር እየመታ ይነጥራል። ጨቅላው ሲያለቅስ አፉ ሲከፈት አያለሁ እንጂ ድምፁ አይሰማኝም። ጋሼ ፍሬኑን በሙሉ ክብደታቸው ረግጠው መኪናዋን አናቱ ላይ አቆሟት። ጭሱ ከኋላ መጥቶ ዋጠን።

"ውጪ!" አልኳት ልጃቸውን። በሩን ከፍታ ዘላ ወረደች። ኋላ ያሉትም እየተጯጯሁ ይወርዱ ነበር። እኔ ጎንበስ ብዬ ሰሌዳውን ከወንበሩ ሥር ፈለግሁ። በመስኮቱ ረዳቱን አየሁት። ሰው ሁሉ ከመኪናዋ ሲሸሽ እሱ ታኮውን አቅፎ ወደ ፊት ጎማ ይሮጣል። ሥራው ነው።

ጋሼ ደግሞ የሹፌር ዘዴ ትዝ አላቸው። ሞተር አልቆም ሲል ከባድ ማርሽ አስገብቶ በፍሬን እንደያዙ ፍሪሲዮን መልቀቅ፤ ሞተሩ ታንቆ ይጠፋል። ትክክል ነው፤ ፍሬኑ ከቻለ። ረዳቱን አላዩትም። "ጋሼ! ቆይ!" ብዬ ጮህኩ፤ እኔም ለራሴ አልተሰማኝም። ፍሪሲዮኑን ለቀቁት። መኪናዋ አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ዘለለች፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም፣ ጋሼ ፍሪሲዮኑን መልሰው ረገጡት።

መክደኛውን በጫማዬ ገፍቼ ከፈትኩት። ያኔ ነው ያየሁት። ቱቦው ወደ ቦታው ተመልሶ በአዲስ ሽቦ ታስሯል። ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። ሰሌዳውን የአየር አፉ ላይ ደፋሁትና በሁለት እጄ፣ በደረቴ፣ በሰውነቴ ሁሉ ተጫንኩት። ሞተሩ ሰሌዳውን ከእጄ ነጥቆ ወደ ውስጥ ሳበው። አንድ ጊዜ ተንገጫገጨ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም አለ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ረዳቱ "ያ ረቢ" ብሎ ጌታውን ሲጠራ የሰማሁት፤ በቀስታ፣ ሰው እንዳይረበሽ የፈለገ ይመስል።

ቀኝ እግሩ ከጎማው ሥር ነበር። የጋሼ አማችና ሌሎች ወንዶች መኪናዋን ወደ ኋላ ገፍተው አወጡት። ከቁርጭምጭሚቱ በታች ያለውን ልገልጸው አልፈልግም። በነጠላዬ አሰርኩት። ጋሼ ከመሪው አልወረዱም፤ ሁለት እጃቸው መሪው ላይ እንዳለ ፊት ለፊት ያያሉ።

መኪና አይመጣም። የትም የሚሰማ ነገር የለም፤ ወፍ እንኳ አልነበረም። አንድ ሰው በወንዙ ማዶ ጭስ አየሁ አለ፤ ሌላው ደመና ነው አለው፤ ከዚያ ሁለቱም ተዉት። ወንዶቹ ከመንገዱ ዳር ቀርከሃ ቆርጠው ቃሬዛ ሠሩ። ረዳቱን ተሸክመን፣ ልጆቹን እየጎተትን፣ ጓዙን መኪናዋ ላይ ትተን በእግራችን ጀመርን። ጋሼን ልጃቸው ነች እጃቸውን ይዛ ያወረደቻቸው። እየዞሩ እያዩ ነው የሄዱት። ደመናው ላያችን ላይ ፈረሰ። ኬላው ጋ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፤ ያ ወታደር ግን ሲያየን ሮጦ መጣና የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዘ።

የተፈራው ነገር በዚያ ሳምንት አምባው ላይ አልደረሰም። በሚቀጥለውም። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ የጋሼ ልጅና ባሏ ግን አሶሳ ቀሩ። አልደረሰም ማለት ቀረ ማለት እንዳልሆነ ስለሚያውቁ ይመስለኛል። መኪናዋን ከዘጠኝ ቀን በኋላ ጎትተው አመጧት። ባትሪዋና ሁለት ጎማዋ አልነበሩም።

ረዳቱ አሶሳ ሆስፒታል ተኛ። የእግሩን አራት ጣቶች ቆረጡለት። ጋሼ በየቀኑ ምሳ ይወስዱለታል፤ እኔም ማታ ማታ እሄዳለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ጋሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሳለ ገባሁ።

"መምህር" አለኝ ረዳቱ፣ "እኔ ነው ያጠፋ። እኔ ቱቦውን መለሰ። ዘይት ወደ ውስጥ ገባ፣ ሞተሩ አበደ። ጋሼን መኪና እኔ ገደለ። እግሬ ምንም አይደለም፤ አላህ ነው።"

ይህን ከየት ሰማ? ጋሼን አየኋቸው። ዓይናቸውን ከብርድ ልብሱ ላይ አላነሱም። እሳቸው ነግረውት እንደሆነ ወይም ራሱ አስቦ ደርሶበት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ እሱ ራሱን ሲከስ ሰምተው ዝም አሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የምሳውን ሳህን ሰብስበው፣ "እንግዲህ አላህ ያሽርህ" ብለው ወጡ።

እኔም ዝም ብዬ መውጣት እችል ነበር። መናገሩን ያህል የከበደኝ ነገር የለም። ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋሁ።

"ወንድሜ፣ ስማኝ። ቱቦው ወልቆ አልነበረም። እኔ ነኝ የነቀልኩት።"

አልገባውም። ከመጀመሪያው ጀመርኩለት። ስለ ዓርቡ፣ ስለ ጌጁ፣ ስለ አራተኛውና ስለ አምስተኛው ሲሊንደር፣ ለምን ቱቦውን እንደነቀልኩ። በቀላል አማርኛ፣ ቀስ እያልኩ ነገርኩት። ዓይኑን ከፊቴ ላይ አልነቀለም።

"ዓርብ ታውቅ ነበር አንተ?"

"አዎ።"

"ጋሼም ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ከሰማህ አትሄድም ብለን ነው።"

ወደ ግድግዳው ዞረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰም። መልሶ ሲዞር ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣም አልነበረም። ግራ የመጋባት ነገር ነው።

"ያች የጋሼ ልጅ፣ ያ ሕፃን ያለው፣ ትንሽ ሆኖ እያለ እኔ ትከሻ ላይ ትምህርት ቤት የወሰደው" አለኝ። "እሄድ ነበር። ወላሂ፣ ብትነግረኝ እሄድ ነበር። ቱቦውን ግን አልነካም ነበር።"

ነርሷ መጥታ ሰዓት አልፏል እስክትለኝ ድረስ እዚያው ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ለረዳቱ ሁሉን መናገሬን ለጋሼ ነገርኳቸው። በራፋቸው ላይ ውዱእ እያደረጉ ነበር። "ነገርሽው?" አሉ፤ እግራቸውን ታጥበው ጨረሱና ገቡ። ከዚያ ቀን በኋላ የእግዜር ሰላምታ እንጂ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። በመስከረም ልጃቸው መጥታ እያፈረች ክፍሏ ለእሷ እንደምትፈለግ ነገረችኝ። እውነቷን ነበር፤ አራት ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የሚያድሩት። ዕቃዬን ይዤ በዩኒቨርሲቲው መንገድ ወዳለ ሌላ ክፍል ገባሁ።

ረዳቱ አሁን የቀርከሃ ማከማቻ ይጠብቃል። ትንሽ ያነክሳል። ከጥቂት ወራት በፊት በዚያ ሳልፍ ጋሼ አጠገቡ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። አይነጋገሩም። መሀላቸው የተላጠ ማንጎ በሳህን አለ። ምን ተባብለው እዚያ እንደደረሱ አልጠየቅሁም። ረዳቱ እጁን አንሥቶ "መምህር አንተ!" ብሎ ጠራኝ። ጋሼ ከእኔ አልፈው ወደ መንገዱ አዩ።